ያልጻፍሁት የአያሌው ስም

ሰኞ

ውሸት ነው። ገበያ ላይ «ወይዘሮ ዘነበች የቀጥቃጩን ዓይን ፈርታ ከፈረንጁ ሥራ ቀረች» ይባላል አሉ። አልቀረሁም። ዓይንም አልፈራሁም። ዛሬም ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ውስጥ የቀጥቃጩን የአያሌውን ቃል ለሙሴ ፒየር በፈረንሳይኛ ስተረጉም ዋልሁ። ሙሴ ፒየር ከስዊስ የመጣ መሐንዲስ ነው። የእነሱ ቤተ ሙከራና የእኛ ትምህርት ቤት የማይሰበር ማረሻ በጋራ ያጠናሉ።

የመሐንዲሱ ማረሻ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። የአያሌው አልተሰበረም። ደጀን ከተማ ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ፣ ጎማው ላይ የሚነጥረውን ብረት፣ ያመጣል፤ አግሎ ቀጥቅጦ ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ያወጣውና ይጠብቃል። ከላይ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ወርዶ ብረቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ሁሉንም ይነክረዋል። ሙሴ ፒየር ሰዓቱን ይዞ ሲቆጥር አያሌው ሳቀ፤ «ሙሴ፣ ብረቱን ይዩ እንጂ! ሰዓቱ ምን ያውቃል?»

ማክሰኞ

የማረሻውን ጥናት ሪፖርት ተርጉሜ ጨረስሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንድም ግድፈት የለበትም። የአጥኚዎቹን ስም እንድሞላ ሙሴ ፒየር የመጨረሻውን ገጽ ለእኔ ትቶልኛል፤ የአገራችንን ስም አጻጻፍ አያውቅም። ሦስት ስም ጻፍሁ፦ መሐንዲሱ፣ የወርክሾፑ መምህር አቶ በላይ፣ እኔ። ከሥር «አንድ የአገሬው ቀጥቃጭ ረድቷል» አልሁ። የቀጥቃጭ ስም ከመምህር ስም ጎን?

ፖስታው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ረቡዕ

አያሌው እጁን ታጥቦ ወርክሾፑ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እሜቴ፣ ስሜ በፈረንጅ ፊደል ምን ይመስላል? ያሳዩኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሚስቴ ‹አንተን ደግሞ ማን ይጽፍሃል› ብላ ሳቀችብኝ።»

በቁራጭ ወረቀት ጻፍሁለት። ብዙ አየው።

«ሪፖርቱም ላይ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

አጥፎ ቆቡ ውስጥ ከተተው። ያስተማሩኝ የሚሲዮን መነኮሳት ለጎደለች አንዲት ነጥብ ጣቴን በማስመሪያ ይመቱ ነበር። ዛሬ ቢያዩኝ በምኔ ይጀምሩ ይሆን?

ሐሙስ

ባሰ። ሙሴ ፒየር ስማቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ የሰፈረ ሰዎች በሚመጣው ወር አዲስ አበባ ተጠርተው፣ ለቤተ ሙከራው ሰዎች ሥራውን እንደሚያሳዩ ነገረን። «ለአያሌው ይንገሩት፣ ይዘጋጅ» አለኝ። የጻፍሁትን አላነበበም፤ አምኖኛል። ተረጎምሁ።

«በአንድ አውቶቡስ ነን በሉኛ!» አለ አያሌው።

አቶ በላይ ቀበል አድርጎ፣ «እትዬ ዘነበች ከአንተ ጎን ይቀመጣሉ ብለህ ነው?»

«መስኮቱን እለቅላቸዋለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። አያሌውም ሳቀ፤ ግን አላየኝም። ሃያ ዓመት ማጭዴንና ቢላዬን ሞርዷል። ውሃ ሲጠይቅ የምሰጠው በአንዲት ጣሳ ነው፤ ጣሳዋ ከበር ውጭ ነው የምትቀመጠው። ያውቃል። ሁልጊዜ ጠጥቶ አጥቦ ይደፋታል።

ሰኞ የገበያውን ወሬ ውሸት ብያለሁ። ውሸቱ ግማሹ ብቻ ነው።

ዓርብ

እህል አልቀመስሁም። አቶ በላይን ፖስታው የት ደርሶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አዲስ አበባ ያለው የቤተ ሙከራው ጽሕፈት ቤት በእሑድ አውሮፕላን ወደ ስዊስ ይልከዋል አለኝ። «ምነው እትዬ፣ ስሕተት አገኙ?» ብሎ ሳቀ፤ የእሱን ደብዳቤ ሁሉ በቀይ ቀለም ስለማርምበት ነው። «አዎ፣ የራሴን» አልሁት። ሳቁን ተወ። ቴሌግራም ካገኛቸው ያቆዩታል፤ ካላገኛቸው አላውቅም።

ነገ መጀመሪያ፦

ቴሌግራፍ ቤት። «ፖስታው ይቆይ፣ የመጨረሻው ገጽ ይለወጣል።»

ለሙሴ ፒየር መናገር። ረስቼ ነው አልልም።

ገጹን እንደገና መጻፍ። አያሌው ፈንቴ፣ ከእኔ ስም በላይ።

ጣሳዋን ከበር ማንሳት።

ተራው ልክ አይደለም። ቴሌግራፍ ቤቱ ሳይከፈት፣ በጠዋት፣ መጀመሪያ አያሌው ቤት። ሚስቱ ባለችበት እነግረዋለሁ። ውሃ ከሰጡኝ በሰጡኝ ዕቃ እጠጣለሁ።