ቅልህን ዶሮ ሰበረችው

ሻንቆ፣
ሁምቦ ያለችውን ልጄን ምጥ ይዟታል ቢሉኝ ሄድኩ።

ለሰንጢዎችህ እጀታ የሚሆነውን አጥንት እንሶስላ ውስጥ ዘፍዝፌልሃለሁ። በደንብ ሳይቀላ እንዳታወጣው። እሳት ላይ ከጣድከው ይሰነጠቃል። ብረቱን አንተ እወቅ፣ ቀለሙን ለኔ ተው።

ትናንት ጎረቤታችን አስካለች ውሃ ልትጠጣ ቅልህን ስታነሳ «ተይው፣ የቀጥቃጭ ነው» ያልኳትን ሰምተህ ከቤቴ ልትወጣ ዕቃህን መሸከፍ ጀመርክ።
ምን ላድርግ? ቀጥቃጭ በጠጣበት አትጠጪ እየተባልኩ ነው ያደግኩት።
እሁድ እሁድ ግን ካንተ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እዘምራለሁ። አዲሱን ሰንጢህንም መቀነቴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ የልጅ ልጄን እትብት የምቆርጠው በሱ ነው። ቅልህ ያረክሰኛል፣ ሰንጢህ ግን አያረክሰኝም። እንግዲህ የኛ ጨዋነት ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት ቅልህን ዶሮ ሰበረችው። ዶሮ የለንም ብለህ እንዳትከራከረኝ።
ቤት ውስጥ የቀረው የኔ ቅል ብቻ ነው፣ በሱ ጠጣ። ስመለስ አጥበህ ብታቆየኝ ደግ፤ ባታጥበውም እጠጣበታለሁ።

ሽታዬ