ሃያ ስድስት ፌስታል ቦሎቄ

ሰኞ፣ የካቲት 2
ቁርስ፦ ዳቦ በሻይ። ምሳ፦ ዳቦ በሻይ። ለእራት ለውጥ አደረግሁ... ሻይ በዳቦ።
ማህሌት ከአዲስ አበባ ደወለች። ልጄ ናት፤ አነጋገሯ ግን እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። "አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ በጣም ከስተዋል። ሁዳዴን ብቻዎን አይችሉትም። የደብረ ዘይት እሑድ እመጣለሁ። ከስተው ካገኘሁዎት ቤቱን ቆልፈን ወደ እኔ!"
አራተኛ ፎቅ ላይ ልታስቀምጠኝ! ሐይቁን ከዚያ በምን ላየው? ጓደኛዬን ኩማንስ ማን ይተርበዋል?

ረቡዕ፣ የካቲት 4
ተገኘ! ዘዴ ተገኘ!
የኩማ ልጅ ወንጌላዊት ነገረችኝ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ቦሎቄ በየቀኑ አልቀቅልም። አንዴ በብዛት ቀቅዬ፣ ለየምሳው በፌስታል ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ከዚያ ቁሌት ላይ ጣል ማድረግ ብቻ!"
ሮጬ ገበያ። (ሮጬ ስል... በእኔ አሯሯጥ።) አምስት ኪሎ ቦሎቄ። ሁሉንም በአንድ ባልዲ ዘፈዘፍኩ፣ ከደንኩ፣ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ቦሎቄው ሌሊቱን አብጦ፣ ክዳኑን ፈንቅሎ ወለሉ ላይ! እኔ ልወፍር ስል እሱ ቀደመኝ።
ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በሦስት ድስት ቀቀልኩ። አቀዝቅዤ በፌስታል... ጠፍጠፍ አድርጌ። ሃያ ስድስት! ፍሪዘሩን አሥር ጊዜ ከፍቼ አየሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19
አንድ ቀን ቦሎቄ፣ አንድ ቀን ሽሮ። ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ!
ግን መብራት ጠፋ። ፌስታሎቹ ማላብ ጀመሩ። ምን ይሻላል?... ኩማ! ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጣል፤ ፍሪዘሩ ጄኔሬተር አለው። የቀሩትን በባጃጅ ጫንኩ።
"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?"
"ጾሜ ነው። አደራ፣ እንዳትቀምስ! እናንተ ጴንጤዎች ጾም የላችሁም።"
"ቦታ ያለው ዓሣው ጎን ነው።"
"ዓሣው ካልቀመሰብኝ ችግር የለም።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 21
መብራት መጣ። ቦሎቄዬን መለስኩ። አንዱን አሞቅሁ...
ዓሣ! ቦሎቄዬ ዓሣ ዓሣ ይላል! እኔ በሁዳዴ ዓሣ የማልነካ ሰው!
የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ሽታ አይበላም፤ ነጭ ሽንኩርት ያብዙበት" አሉኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 6
መጣች። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችኝ፤ በግ የምትገዛ ነው የምትመስለው። ከዚያ ፍሪዘሩን ከፈተች፤ ሽታው ተቀበላት።
"አባዬ! በሁዳዴ ዓሣ?! እማዬ ብትኖር ምን ትል ነበር?"
አንገቴን ደፋሁ። "ኩማ ነው ያሳተኝ።"
ኩማ አጠገቤ ተቀምጧል፤ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል። "ማህሌትዬ፣ ዓሣው የኔ ነበር፤ ሽታው ግን የሱ ነው!"
ነገሩን ስንነግራት ሳቋ እንባ ሆነ... ወይስ እንባዋ ሳቅ? ቁሌቱን ራሴ ሠራሁ። ነጭ ሽንኩርት አበዛሁ። በላች፤ ጨመርኩላት፤ ድስቱን ጠረገች።
"አባዬ፣ እኔ እኮ ከሥራ ስገባ ደክሞኝ... ዳቦ በሻይ ነው የምበላው።"
አሃ!
ሻንጣዬን ልትሸከም የመጣችው ልጅ አሥር ፌስታል ቦሎቄ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ተሸክማ ተሳፈረች። መኪናው ሳይነሳ በመስኮት፦ "የሚቀጥለው መቼ ይደርሳል?"
ነገ አምስት ኪሎ እዘፈዝፋለሁ። በሁለት ባልዲ።