ውኃን በሀ ሁ ተራ

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ሦስተኛ ሹመቴን ተቀበልኩ። በግብርና ጽሕፈት ቤታችን የመዝገብ ቤት ሥራዬ ላይ ግምጃ ቤቱ ከተደረበልኝ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ደግሞ ለገበሬዎቹ የመስኖ ውኃ ተራ እንዳወጣ በደብዳቤ ታዘዝኩ። "ደመወዙስ?" ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅኋቸው። እንደ ነቢይ አሻግረው እያዩ "በሂደት ይታያል" አሉኝ።

ሹመቱን የሚመልስ ማመልከቻ ጽፌ ኪሴ ከተትኩ። እስከዚያው ግን ሥራ ሥራ ነውና የገበሬዎቹን ስም እንደ ፋይል በሀ ሁ ተራ ደርድሬ በር ላይ ለጠፍኩት። ውበቱን ቆሜ ሳደንቅ እትዬ ዘይነባ መጡ። ሽንኩርታቸው ውኃ ካየ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ካልጠጣ ይደርቃል። በእኔ ዝርዝር ከመጨረሻዎቹ ናቸው።

"ልጄ፣ ውኃ ፊደል አልቆጠረም" አሉኝ። "ሐሰን ከቦዩ ጭራ ነው፣ መሐመድ ከቦዩ አፍ። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ልታመላልሰው ነው? ተነሥ፣ ላሳይህ።"

ቦዩን ይዘን ወረድን። እሳቸው በየማሳው ባለቤቱን ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ስንጨርስ እትዬ ዘይነባ ሁለተኛ ሆነው ተገኙ።

"እንዴት ነው ነገሩ?" አልኳቸው።

"እኔን ምን ትለኛለህ፣ ማሳዬን ጠይቀው።"

ማሳው እውነትም ከመሐመድ ቀጥሎ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ውኃው የጠወለገው ሽንኩርት ውስጥ ገባ። እትዬ ዘይነባ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ቆሙና "አላህ ይጨምርልህ" አሉኝ።

ማመልከቻውን ቀደድኩት። ነገ ስለ ደመወዙ አዲስ እጽፋለሁ፤ ኃላፊያችን እስኪሰለቹ እጽፋለሁ። የውኃውን ተራ ግን ለማንም አልሰጥም።