ስለ ቀዝቃዛው ምድር ቤትና ፀሐይ ስለማትለቀው ፎቅ

ዛሬ ግንቦት ዘጠኝ ቀን፣ ትልቁ እሳት ከነደደ በሁለተኛው ዓመት፣ ረፋድ ላይ፣ በልብስ ሰፊነት ያረጀሁት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ ቅምቀማ» የሚለኝ እኔ፣ የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት እናገራለሁ። አእምሮዬ የተሟላ ነው። ሳንባዬና ጉልበቴ ከእኔ ጋር ከተጣሉ ሰንብተዋል፤ ምላሴ ግን እስካሁን አልከዳኝም። ማንም አላስገደደኝም፤ ሊያስገድደኝ የሞከረ ቢኖር ኖሮ እዚህ የተቀመጡት ሁሉ ይስቁበት ነበር።

ቃሌን የሚጽፈው ጠበቃ ነው። ምስክሮቼ ከሕንጻችን ሥር ሱቅ ያለው ጫማ ሰሪና የሕንጻው ዘበኛ ናቸው። ሁለቱን ልጆቼንና ታናሽ እህቴን የጠራኋቸው እንዲሰሙ እንጂ እንዲናገሩ አይደለም። ይህን ስል እህቴ «በይ እንጀምር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ» አለችኝ። ይኸው፣ ጀመረች። ጠበቃው ቃሏ ይጻፍ ወይስ ይዘለል ብሎ ጠየቀኝ። ጻፈው አልኩት፤ ዝም ትላለች የሚል ተስፋ ስለሌለ ወረቀቱ ላይ ብትገባ ይሻላል።

በመጀመሪያ ስለ ምድር ቤቱ። ምድር ቤቱ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁበት፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ፣ ግማሹ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው። ደንበኞቼ «ይሄ ጉድጓድ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ልብስ ሲለኩ ብርድ ብርድ ይላቸዋልና። ይህን የማወርሰው ለሴት ልጄ፣ ለነርሷ ነው። ግዴታ አለበት፦ ሙቀት በበረታ፣ ጭስም በገባ ቀን ሁሉ በሩ ለሕንጻውም ሰው ለመንገደኛውም ክፍት ይሁን። ወንበር ይኑርበት፣ ውኃ ይኑርበት፣ «አንተ ደግሞ ማነህ?» የሚል ሰው ግን አይኑርበት። ወንድሟ ለመኪና ዕቃ መጋዘንነት ሊያከራየው እንዳሰበ አውቃለሁ። ጎማን ሙቀት አይገድለውም፤ ሰውን ይገድለዋል። ይህን ያልኩበትን ምክንያት እናገራለሁ።

እሳቱ በነደደበት ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሙቀቱ ሲመጣ እንግዳ መስሎን ነበር፤ ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ። አስፋልቱ የጫማ ሶል ይዞ ስለሚያስቀር ጫማ ሰሪው «ገበያዬ ደራ» እያለ ይስቅ ነበር። ነርሷ ልጄ ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ ይሄ የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። የምድሩ አየር ራሱ እየተለወጠ ነው፣ እኛው በምናነደው ነዳጅ። እየባሰ ነው የሚሄደው፤ ከአሁኑ እንዘጋጅ» ትለኝ ነበር። ወንድሟ ደግሞ «ሙቀት ድሮም ነበር። ከበዛባችሁ መስኮት ክፈቱ» ይል ነበር።

ከዚያ ከከተማው ማዶ ያለው ጫካ ተያያዘ፤ መስኮት መክፈቱም ቀረ። ሰማዩ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ብንከፍት ጭሱ ያፍነናል፣ ብንዘጋ እንቀቀላለን። እኔም ሙያዬን ተማምኜ ለጎረቤቱ ሁሉ የአፍ መሸፈኛ መስፋት ጀመርኩ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ አየችኝ።

«እማዬ፣ ጨርቅ እኮ ይሄን ጭስ አይዘውም። ደቃቁ ያልፋል።»

«ስለ ጨርቅ ለእኔ ልታስተምሪኝ?»

«ስለ ጭስ ነው የማስተምርሽ።»

ተቆጣሁ። ልክ መሆኗ ሲገባኝ ደግሞ ባሰብኝ። ቢሆንም እሷ ያመጣችውን መሸፈኛ አደረግሁ፤ ለጎረቤትም አደልን።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ መናገር ግድ ይሆናል። ቤተሰቡ «ሚጡ» የሚላት ይህች እህቴ በዚሁ ሕንጻ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ብቻዋን ትኖራለች። ከሠርጓ ቀን አንስቶ አንነጋገርም ነበር። ምክንያቱም እኔ ዓይኔ እስኪፈስ የሰፋሁላትን ቬሎ ትታ የሱቅ ቬሎ ለብሳ አገባች። ልብስ ሰፊ እህት እያለቻት፣ የሱቅ! እንግዳው ሁሉ እሷን አይቶ ዞር ብሎ እኔን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን በዘበኛው በኩል ሆነ። እሷ አጠገቤ ቆማ «እህትዎ ደህና ዋሉ ወይ ይላሉ» ይለኛል። ይኸው ምስክር ነው። ዘበኛው «እውነት ነው፤ ለዚህም ሥራ ደመወዝ አልተጨመረልኝም» ብሏል። ይጻፍ።

ጭሱ በከበደ በአንዱ ጠዋት ጫማ ሰሪው ብቅ ብሎ «እማማ፣ እህትዎ ከትናንት ጀምሮ ለዳቦ አልወረዱም» አለኝ። «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» ልለው አፌን ስከፍት እግሬ ደረጃው ላይ ወጥቶ አገኘሁት። ግድግዳ እየያዝኩ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። አንድ ፎቅ በወጣሁ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። በሯ አልተቆለፈም። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ፊቷ ላይ ይረጫል። ገላዋ እንደ ካውያ ይፋጃል፤ ጠብታ ላብ የለበትም። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣

«እትዬ፣ መጣሽ? በይ ቬሎዬን አምጪልኝ፤ እንግዶቹ ደርሰዋል» አለችኝ።

ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ቂም እዚያው በሩ ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬም አላነሣሁትም። ለልጄ ደወልኩ።

«አእምሮዋን ከሳተች ውኃ እንዳታጠጫት፣ ትን ይላታል። ገላዋን አርጥቢው፣ አራግቢላት፣ ቶሎ ከዚያ ቤት አውጧት። አምቡላንስ እኔ እጠራለሁ።»

አምቡላንሱ በጭሱ ምክንያት ዘገየ። አንሶላ ውኃ ነክሬ አለበስኳት። ጫማ ሰሪውና ዘበኛው ከነወንበሯ ተሸክመው ሲያወርዷት በየደረጃው «ቀስ በሉ፣ ቬሎዬ ይቆሽሻል» ትላቸው ነበር። ጫማ ሰሪው «እሺ ሙሽሪት፣ እሺ» እያለ ያለቅስ ነበር። አሁን «ላብ ነው» እያለ ነው። ይህም ይጻፍ።

ምድር ቤቱ ስትገባ፣ እርጥቡን አንሶላ እየለዋወጥን ስናራግባት፣ ትንፋሿ እየተረጋጋ መጣ። የአምቡላንሷ ባለሙያ «እዚያው ላይ ትታችኋት ቢሆን ኖሮ አንደርስባትም ነበር» አለችን። ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ቤቷ አልመለስኳትም፤ እኔው ጋ፣ ምድር ቤት አስቀመጥኳት። ወሬው ተሰማና ሕንጻው በሙሉ ወረደ። አራስ ከነሕፃኗ፣ ሽማግሌው ከነራዲዮው፣ ከማንም ጋር የማይነጋገረው የሒሳብ መምህር እንኳ ከነትራሱ። መምህሩ እዚያ ገብቶ ቀልደኛ ሆነ።

ጭሱ ግን በመስኮቱ ክፍተት ይገባ ነበር። ልጄ ጨርቅ ለአፍ ባይሆንም ለክፍተት ይሆናል፣ ጠቅጥቁት አለችን። ቁርጥራጬ ሁሉ አለቀ። ሳጥኔ ውስጥ የቀረው ያ ቬሎ ብቻ ነበር፤ እህቴም ሳጥኑን ራሷ ከፈተችው።

«እስካሁን አስቀምጠሽዋል?»

«ብል እንዲበላው ብዬ ነው።»

«ብል እንዲበላው ነው ናፍታሊን ያደረግሽበት?»

ጨርቁን እየዳሰሰች ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ወገቡ እምቢ ብሎኝ እኮ ነው። ልጁን አርግዤ ነበር። ብነግርሽ ለእማዬ ትነግሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

በሰባት ወሩ ተወለደ ብለን ያመንነው የእህቴ ልጅ! ጉንጩ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ «እግዜር ሲያጠግብ» ብለን አልፈነው ነበር።

«ታዲያ አንቺ ጅል» አልኳት፣ «ማስፋት ያቅተኝ ነበር? ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቼልሽ ነበር እኮ!»

እሷ ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ ሳሌም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ቬሎውን ከአንገቱ ጀምራ እስከ ታች ተረተረችው። ስትቀደው ልቤ አብሮ ይቀደዳል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልሆነም። ክፍተቱን ግጥም አድርጎ ዘጋልን።

በዚያ ሰሞን ከእኛ ሕንጻ ሰው አልሞተም። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ ግን ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በራቸውን እንደዘጉ ቀርተዋል። የሚያንኳኳላቸው አልነበረም። እንግዲህ ያን በር መጋዘን የሚያደርግ ሁሉ ይህን አስቦ ያድርገው።

የወርቅ አምባሬ ይሸጥና የሕንጻው ጣሪያ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ነጭ ፀሐይን ይመልሳል ብላኛለች ነርሷ። ከተረፈ በምዕራብ በኩል ዛፍ ይተከልበት። ዛፍ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ አልፈልግም፤ የተከለ ያጠጣ።

የስፌት መኪናዬ ለእህቴ ይሁን። «መርፌ ላይ ክር እንኳ ማስገባት አልችልም» አለች። ተማሪያ፤ ጊዜ አለሽ። አንቺን ሙቀት እንኳ አልቻለሽም።

ስለ ቀብሬ። በማለዳ ይፈጸም። በቀትር ጥቁር ለብሶ ፀሐይ ላይ የሚቆም እንዳይኖር፤ እኔን ሸኝቶ ሌላ ሬሳ ይዞ መመለስ ሥራ ማብዛት ነው። ንግግር የሚያደርግ ካለ ጥላ ይፈልግ፣ ያሳጥርም።

ለሁላችሁም የምመክረው ይህን ነው። እኛ ትንንሽ ሰዎች ምን እንለውጣለን አትበሉ። ከተማውን የሚያስተዳድሩትን ጫካው ለምን እንደነደደ፣ ለሚመጣው ዓመትስ ምን እንዳዘጋጁ ጠይቁ። «ነገ ኑ» ካሏችሁ ነገ ሂዱ። ደንበኞቼ ቀሚሳቸው እስኪደርስ እኔን እንደነዘነዙኝ ነዝንዟቸው፤ ብልሃቱ ይሠራል፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ ለበኩር ልጄ፣ ለመኪና ነጋዴው። ሕፃን ሳለ የሚተኛው እግሬ ሥር፣ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እየሰማ ነበር፤ መኪና መውደዱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፣ ስለዚህ አልፈርድበትም። አሁን የምኖርበትን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤቴን አውርሼዋለሁ። ቤቱ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ነው፤ ፀሐይ ከቀትር በኋላ አንዴ ከገባች እስክትጠልቅ አትወጣም። ግዴታው ከመሸጡ በፊት አንድ የሙቀት ወቅት ሙሉ እንዲኖርበት ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ውርስ ነው ወይስ ቅጣት?» አለኝ።

«ውርስ ነው። ሙቀት ድሮም ነበር ስትል አልነበር?»

«ማቀዝቀዣ አስገባለኋ።»

«አስገባ። ትኩሱን አየር ግን በማን መስኮት ልትተፋው ነው?»

ጫማ ሰሪው ሳቀ። ልጄ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ፣

«አንቺ አሁን የት ነው የምትተኚው?» አለኝ።

«እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነዋ። የምድር ቤቱ እርጥበት ለሳል አይሆንም ብለውኛል።»

«በዚህ ሙቀት? ከነሳልሽ?»

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ» አለችው እህቱ።

ልጄ ተነሥቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሞትኩም እኮ!»

«ግንቦትን እኔ እዚያ ልደር። አንቺ እኔ ቤት ሂጂ፤ ግቢው ዛፍ አለው፣ ልጆቹም ይናፍቁሻል።»

«ኑዛዜ ነው እኮ የምናገረው፤ የቤት ልውውጥ አይደለም!»

«ጠበቃው ይጻፈው» አለ።

ጠበቃው ብዕሩን አንሥቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ጻፈው አልኩት።

ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ሳይጠየቁ የተናገሩት ሁሉ ሳይቀር የእኔ ፈቃድ ያለበት መሆኑን በእጄ ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

ተናዛዥ፦ እማማ ቅምቀማ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ፣ አንዳንዴም በሙሉ ድምፅ ሲናገሩ አይተናል፣ ሰምተናል። ጫማ ሰሪው (ፊርማ)፤ የሕንጻው ዘበኛ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ጠበቃው (ፊርማ)። ምስክሮቹ በሚፈርሙበት ጊዜ ተናዛዧ ሻንጣቸውን ለማዘጋጀት መውጣታቸውን፣ የበኩር ልጃቸውም ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አብሯቸው መውጣቱን እመሰክራለሁ።