ስለሰጡን ብርድ ልብስ የቀረበ ምስጋና

ዓርብ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ ዘርዓብሩክ
የቁፋሮ ድጋፍ አገልግሎት ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ዘነበወርቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለትልቅ ሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ይህንንም ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሰንብቼ ነው ዛሬ የጀመርኩት። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ልጅ ነኝ። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የአክብሮት ጉድለት የሚመስል ነገር ካገኙ ካለማወቄ እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ በተለይም ለመንጋጋዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። መንጋጋ እስኪሰበር ድረስ ሰው የማያስበው ነገር ነው።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። መስከረም ውስጥ ከእናቴ ከወይዘሮ ካሳነሽ ጋር ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ከእናቴ ጀርባ ተደብቄ ስቆም እርስዎ አዩኝና "ሚጣ፣ አትፍሪ" ብለው ከጠረጴዛዎ ላይ ከረሜላ ሰጡኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከረሜላውን ወስጄ ለወንድሜ ለኤልናታን ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥርሶቹ በሽቦ ስለታሰሩ የሚገባበት ቀዳዳ አልተገኘም።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር ነገሩ እንዲገባው ያህል፣ ወንድሜ ድርጅትዎ ውስጥ የቁፋሮ ማሽን ረዳት ነበር። ድርጅትዎ ወርቅ አያወጣም፤ ወርቅ ለሚፈልጉ ሌሎች ድርጅቶች ራቅ ያለ በረሃ ላይ ካምፕ ሠርቶ ጉድጓድ ይቆፍርላቸዋል። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ወንድሜ ከካምፕ ይዞት በመጣው ብርድ ልብስ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል ስለታተመ፣ እናቴ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣው የሰፈራችን ሰው ሁሉ አንብቦታል።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ ስለ አከፋፈሉ አመሰግናለሁ። ድሮ ካምፑ ውስጥ ደመወዝ በወር ነበር ይባላል፤ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ግን ክፍያው ቡድኑ በሳምንት በቆፈረው ሜትር ሆነ፤ ሜትሩ ከታዘዘው ካነሰ ያጎደለው ሰው ብቻ ሳይሆን የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ድርሻ ይወድቃል። በጣም የታሰበበት ነገር ነው። አለቃ መቆጣት፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ተቆጣጣሪ መቅጠር አላስፈለገዎትም፤ የታመመውን ጎትቶ የሚያስነሳው አጠገቡ የተኛው ነው፤ ሽንት ቤት የቆየውን በሩን በእርግጫ የሚደበድብበት የገዛ ጓደኛው ነው። ወንድሜ ሥራ በጀመረ ሰሞን ደውሎ፣ ጀማል የሚባል ልጅ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ሳለ በጥፊ እያጣደፉ ወደ ማሽኑ እንደወሰዱት ነገረኝ። "አንተም መታኸው?" አልኩት። "ካርዴ ሊያልቅ ነው" አለኝ። ወንድሜ ከዚህ ሰፈር ሲወጣ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ልጅ ስለነበረ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል እንዲሻሻል ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

2. ቀጥሎ ስለ ብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው የደመወዝ ጭማሪ በጠየቁ ጊዜ እርስዎ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ መላክዎን ሰምቻለሁ። በረሃው በጣም ሞቃት ስለሆነ ለመኝታ አልፈለጉትም፤ ነገር ግን እንዳይባክን ብለው ሌላ ሥራ አገኙለት። ሜትር ያጎደለ ሰው ከሥራ ሲገባ ከኋላው ራሱ ላይ ይጥሉበትና ጫፍና ጫፉን ይዘው መሬት ላይ ያስተኙታል፤ ከዚያም ተራ በተራ ይመቱታል። "ማልበስ" ይሉታል። ደንቡ ሁሉም እንዲመታ ነው፤ ያልመታ በማግስቱ እሱ ይለብሳል። ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ጩኸት አያሳልፍም፤ ደም ግን ያሳልፋል፤ እናቴ ስታጥበው ውኃው ሦስተኛው ባልዲ ላይም ቀይ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ አማኑ፣ ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮም የተቀጠረ፣ የሹራቡ እጅጌ በሚሽከረከረው የማሽን ዘንግ ተያዘ። ዘንጉ እጅጌውን እየጠቀለለ ክንዱን ሲጎትት ወንድሜ ዘሎ ማሽኑን አጠፋው። ክንዱ ተረፈ፤ ነገር ግን ማሽኑ በድንገት በመቆሙ ዘንጉ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ የዚያ ሳምንት ሜትርም አብሮት ቀረ። የቡድን መሪው ገሜዳ "እጅ ቢቆረጥ የአንድ ሰው ነበር፤ አሁን ሁላችንንም ቆረጥከን" አለው አሉ። በዚያው ቀን፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ አለበሱት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ አማኑ ራሱ ነው። ብዙ ስለማልናገር ሰዎች ለእኔ መናገር ይቀናቸዋል፤ ደውሎ ረጅም ጊዜ ካለቀሰ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ "ሄቨንዬ፣ ሁለቴ ቀስ ብዬ መታሁት። ገሜዳ አየኝና 'ሽሮ ነው እንዴ የምታማስለው? ወይስ አንተም ትለብሳለህ?' አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሦስተኛውን በብረት መፍቻው መታሁት። ሲሰበር እጄ ላይ ተሰማኝ።" እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ማሽንዎ ሊወስደው የነበረውን ክንድ ወንድሜ አተረፈው፤ የተረፈው ክንድ ደግሞ የወንድሜን መንጋጋ ሰበረ። በድርጅትዎ ውስጥ የዳነ አካል ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈትቶ እንደማይቀመጥ በዚህ ተረድቻለሁ።

3. ስላስተናገዱን አመሰግናለሁ። እናቴ የሐኪሙን ወረቀት ዘርግታ ስታሳይዎት "እማማ፣ ወጣቶች ናቸው፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ የግል ጠብ ውስጥ ድርጅቱ አይገባም" አሏት። ወንድሜ የማን ሠራተኛ እንደሆነ ስትጠይቅዎትም፣ ውሉ ከቡድኑ ጋር እንጂ ከልጁ ጋር እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዷት። እናቴ እጅ ነስታ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ተቀመጠችና "አሁን ምንድን ነው ያለኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ሠራተኞችዎ በጎናችን እያለፉ ወደ ምሳ ሲወርዱ አንዷ "ደረጃ አትዝጉ እንጂ እናቶች" ያለችን ከዚያ ቀን የማስታውሰው የመጨረሻው መልካም ንግግር ነው። እናቶች ያለችው እኔንም ጨምራ ነው።

4. ይህ የመጨረሻው ሲሆን ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ድርጅትዎ ሥራውን እስከ ቤታችን ድረስ ስላሰፋልን አመሰግናለሁ።

ወንድሜ አሁን በቀጭን ቱቦ አጥሚትና ሾርባ ይጠጣል። ሾርባውን በየጠዋቱ የምታመጣለት የአማኑ እናት እትዬ ተሻለች ናት። ልጇ ያደረገውን ታውቃለች፤ አታነሣውም። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እሱ እስኪጨርስ ወለሉን ታያለች፤ እሱም ግድግዳውን እያየ ይጠጣል። "ጨው በዛብህ የኔ ልጅ?" ትለዋለች። ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ሳህኗን ይዛ እንደወጣች ከአልጋው ሥር ፌሮውን ያወጣል። ሰው ልኮ ኮልፌ ካለ ብረታ ብረት ቤት ያስቆረጠው የቤት መሥሪያ ብረት ነው፤ እንዳያዳልጠው መያዣውን በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠቅልሎታል፤ ጫፉን ደግሞ ግቢያችን ካለው ድንጋይ ላይ ይስለዋል። የእትዬ ተሻለች ቤት ከእኛ በአንድ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሚለይ ሲስል የማትሰማበት ጊዜ የለም። ምን እየተሳለ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ቀን ፌሮውን ሰርቄ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ደበቅሁት። ወንድሜ ሲያጣው ፀጉሬን ይዞ ጭንቅላቴን ከበርሜሉ ጋር አጋጨው፤ ሁለቴ። ከዚያ በፊት እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኻል። ፌሮውን አንሥቶ ሲሄድ በታሰሩት ጥርሶቹ መካከል "እኔን ያጎደለ ይጎድላል" አለ፤ ይህን አነጋገር ከዚህ ሰፈር እንዳልተማረው እርግጠኛ ስለሆንኩ ምስጋናው ለእርስዎ ነው።

ከቀናት በኋላ ድፍረት አግኝቼ፣ አማኑ ተገዶ እንደመታው፣ ባይመታ ኖሮ እሱም ይለብስ እንደነበር ነገርኩት። ወንድሜ መልሱን አስቦ የጨረሰው ይመስላል፤ "አውቃለሁ" አለኝ። "እኔም ጀማልን ተገድጄ ነው የመታሁት። ጀማል ሲመጣ ይምታኝ፤ አልሸሸውም። አማኑ ግን የኔ ነው።" ለእናቴ ብነግራት "ኤልናታን? እሱማ አያደርገውም" አለች፤ የምታውቀው የድሮውን ኤልናታንን ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄም ነበር፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ድምፄ አልወጣ ስላለኝ፣ መንገድ ጠፍቷት ነው ብሎ ወደ ታክሲ መያዣው አሳየኝ።

ለምን ዛሬ እንደጻፍኩ ልንገርዎት። ነገ ቅዳሜ ጠዋት የዕረፍት ተረኞችን የሚያመጣው አውቶቡስዎ አጠና ተራ ይገባል፤ እነሱን አውርዶ በዚያው አዲስ ተቀጣሪዎችን ጭኖ ይመለሳል። አማኑ ከሚወርዱት አንዱ ነው። ትናንት ሲደውልልኝ እንዳይመጣ ለመንኩት፤ ሳንሱሲ ካለችው አክስቱ ዘንድ እንዲያርፍ ነገርኩት። "አይሆንም፤ ኤልናታንን ፊት ለፊት አይቼው ልናገረው ነው" አለኝ። "ቢመታኝ እጄን አላነሣም። በዚህ እጅ እንዴት አነሣለሁ?" ወንድሜም አውቶቡሱ መቼ እንደሚገባ ያውቃል። ዛሬ ሲመሽ ጫማውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ ከታመመ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ ስለማያውቅ ጫማ አያስፈልገውም ነበር።

ስለዚህ ነገ በዚህ ሰዓት ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ ለቅሶ ይኖራል፤ በሌላው ደግሞ የታሰረ ልጅ ይኖራል። እርስዎ ከሁለቱ አንዱንም አልነኩም። አንድም ሰው ሰድበው፣ ገፍተው፣ በጥፊ መትተው አያውቁም፤ ለዚህም ምስክር ብጠራ እመሰክርልዎታለሁ። ያደረጉት የክፍያውን ደንብ መለወጥና ብርድ ልብስ መላክ ብቻ ነው። የቀረውን ልጆቻችን ራሳቸው እየሠሩልዎት ነው፤ ከሥራ ከወጡም በኋላ፣ ያለ ክፍያ።

የዕለት ተግባርዎን አቋርጠው እዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ ውለታዎን አልረሳም። ቢሮዎ የተረጋጋ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ ምሳዎ ያለ ቱቦ የሚበላ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከእናቴ ጀርባ የቆምኩት ከረሜላ የሰጡኝ ልጅ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ሄቨን
የኤልናታን እህት፣ ከኮልፌ

ግልባጭ፦
ለቡድን መሪ ገሜዳ፣ ካምፕ
ለጀማል፣ የት እንዳለ ለማላውቀው
ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ለሚሳፈሩ አዲስ ተቀጣሪዎች፣ ለእያንዳንዳቸው፤ ጓደኛዬ ማርያማዊት ስለምታባዛልኝ ይዳረሳል

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ነገ አውቶቡስዎ ከመድረሱ በፊት አጠና ተራ እገኛለሁ። አማኑ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀብዬ፣ ወንድሜ በሚመጣበት በግራው በኩል ሆኜ እስከ እናቱ በር አብሬው እሄዳለሁ፤ ፌሮው ከተሰነዘረ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። በቀኙ በኩል ያለው ቦታ ክፍት ስለሆነ እርስዎም ቢገኙልን ደስ ይለናል። ወንድሜ ስምዎን እንጂ መልክዎን አያውቅም፤ ከመጡ ጮክ ብዬ አስተዋውቅዎታለሁ።