ሳና የተወለደችበት ቀን

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዱ ባሌ ለሉጥፊ፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ሳና ወሬ በወሬ ሆናለች፤ ግማሹ ዐረብኛ ስለሆነ ሳይገባኝ ሲቀር ትስቅብኛለች። የኔ ደህንነት ግን የአፍ ነው። ፈርቻለሁ።

ነገ የዚህ የሱዳን ጦርነት የጀመረበት ቀን ነው። ራዲዮኑ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም። ድሮን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል እየተባለ ገበያው ሁሉ ተሸብሯል። ያ ቀን ለኛ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ካርቱም ሳለን ምጤ ሲመጣ «ዳያዋን ይዣት መጣሁ» ብለህ ወጣህ። ተኩሱ ተነሳ፤ አዋላጇም አንተም ሳትመጡ ሳናን ጎረቤት ተቀበለቻት፤ አንተም እንደወጣህ ቀረህ።

እስከ ዛሬ ልጄን ከዚያ ቀን ሸሽጌያታለሁ። መቼ ተወለደች ሲሉኝ «ረመዳን ሃያ አራት» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ በጨረቃ ሲቆጠር ዕለቱ እሱ ነበር። የጨረቃው ቀን በየዓመቱ ቦታውን ስለሚለቅ ልደቷ ከጦርነቱ ቀን ጋር አይገጥምም። ዘንድሮም ኢፍጣር ላይ ቴምርና ብስኩት ሰጥቼ አከበርኩላት። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

አሁን ወንድምህ ኸድር ነገ ላንተ ሰደቃ ላውጣ አለ። «ሦስት ዓመት ጠበቅን። ዱዓ ይደረግለት፤ አንቺም ቁርጥሽን እወቂ» አለኝ። ክፋት የለውም፤ ሲናገር እንባው ይወርድ ነበር። ሌላ ቀን አድርገው ብዬ ለመንኩት። «የወጣው በዚያ ቀን፤ ሌላ ቀን ከየት ላምጣ?» አለኝ። እሺ ካልኩ በእጄ የገደልኩህ ይመስለኛል። እሺ አልኩ፣ ሉጥፊ።

ዛሬ ሳና ለሰደቃው የመጣውን በግ ሣር ስታበላ «ይህ ለማን ነው?» አለችኝ። «ነገ ልደትሽ ነው» አልኳት። ስሸሸው የኖርኩትን ቀን በገዛ አፌ ሰጠኋት።

ሹፌሩ ያዕቁብ ነገ ማለዳ ወደ ካርቱም ይነሳል። ይህን ወረቀት በድሮ ሰፈራችን ላለው ባለሱቅ ይሰጥልኛል። ከደረሰህ በማንም ስልክ ድምፅህን አሰማኝ። ሰደቃው መሃል ቢሆንም ደውል፤ ኸድር በጉ ታርዷል ብሎ አይቀየምህም።

እየመሸ ነው። በሩን ልዘጋ ስነሳ ሳና ቀሚሴን ያዘችኝ። «ልደቴ ከሆነ አባቴ ይመጣል። ከዘጋሽው በየት ይገባል?» አለችኝ። ሌባውም የታጠቀውም በበዛበት ጊዜ በር ከፍቶ አይታደርም። አልዘጋሁትም።

አላህ ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። እየፈራሁ ደጁን አያለሁ።

ሚስትህ ራሒማ