ሃያ አንደኛው አረር

አባታችን ሃልቮር ቬስትነስ ከአባታቸው ከዓሣ አስጋሪው ከኒልስ ቬስትነስና ከእናታቸው ከቦርግሂልድ ሉንዴ በ1941 በመጋቢት ወር እዚሁ አላስካ፣ ፒተርስበርግ ከተማ ተወለዱ። አያታችን ይሉ እንደነበረው ገና ሲወለዱም ግንባራቸው የተቋጠረ ነበር።

ትምህርታቸውን በከተማችን ተከታትለው በ1959 ካጠናቀቁ በኋላ በዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ የማሽን ክፍል ተቀጥረው ለአርባ አንድ ዓመታት ብረት ሲቆርጡና ሲሞርዱ ኖሩ። በ1966 ከእናታችን ከጉድሩን ጋር በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ይህን የምጽፈውን እኔን ሲግኒንና ወንድሜን ቶርቫልድን ወልደዋል።

አባታችን ለትልቁ የአደን ጠመንጃቸው አረር የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። ከአሮጌ የዓሣ መረብ የተፈታ እርሳስ አቅልጠው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈሱታል። ከቅርጹ የሚወጣው አረር ግን ሁልጊዜ በጥቂቱ ይወፍራል። ሰም ተቀብቶ በብረት ቀለበት ውስጥ ተገፍቶ ካላለፈ ልኩን አይዝም። በመስከረም 1971 የአደን ወቅት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ቸኩለው ጥቂቶቹን ሳያሳልፉ ቀሩ። በማግስቱ ስቲኪን ወንዝ ዳር ታናሽ ወንድማቸው ሌይፍ የገደሉትን አጋዘን ሲበልቱ ድብ መጣባቸው። ሌይፍ የአባታችንን ጠመንጃ ሲያቀባብሉ ወፍራሙ አረር የጠመንጃው ጉሮሮ ላይ ተቀረቀረ፤ ጥይቱ አልገባም፣ አልወጣም። አባታችን በመጥረቢያ ደርሰው ድቡን አባረሩት። አጎታችን ሌይፍ ተረፉ፤ ግራ እጃቸው ግን ከክርናቸው በታች እዚያው ቀረ።

ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አጎታችን አንድም ቀን አልወቀሷቸውም። ይልቁንም አባታችን አረር በሚሠሩበት ክፍል በር ላይ ቆመው፣ "አንተ ሃልቮር፣ ጥይት ነው የምትለካው ወይስ የሙሽራ ቀለበት?" ይሏቸው ነበር። አባታችን ግን አይስቁም። "ዝም በል ሌይፍ፣ ቁጥር አስጠፋኸኝ" ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃምሳ ሦስት ዓመታት እያንዳንዱን አረር በቀለበቱ አሳልፈው፣ ማይክሮሜትር በሚባለው መለኪያ ለክተው፣ ሃያ ሃያውን በትንባሆ ጣሳ ሲያስቀምጡ ኖሩ። ቶርቫልድ አዳኞችን እየመራ ድብ ባለበት መዋል ሲጀምር ጭንቀታቸው እጥፍ ሆነ። ሊሄድ በተነሳ ቁጥር መኪናው ድረስ ተከትለው፣ ራሳቸው የለኩትን ጣሳ "ለካኸው?" ብለው ይጠይቁት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ሕመም ያዛቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸውም ይደክም ጀመር። እኔም ፈርቼ "አባባ፣ ከእንግዲህ ይብቃዎት" ብላቸው፣ "እኔ ስተወው ማን ይይዘዋል?" አሉኝ። ስለዚህ እሳቸው ሲተኙ ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ተደብቄ እየገባሁ አረሩን እንደገና እለካው ጀመር። በየጣሳው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ወፍራም አረር አገኛለሁ፤ ብዛታቸውም ሃያ አንድ ነው። መለካት ብቻ ሳይሆን መቁጠርም እየጠፋቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ወፍራሙን አውጥቼ ቁርጥራጭ እርሳስ መጣያው ውስጥ እጥለዋለሁ። እንዳይዋረዱብኝ ብዬ ለቶርቫልድ እንኳ አልነገርኩትም። አንዱ ቢያመልጠኝ በወንድሜ ሕይወት መፍረዴ መሆኑን አውቅ ነበር። ወንድሜ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

አባታችን መስከረም 6 ቀን 2024 ማለዳ ላይ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቶርቫልድ የፊታችን ቅዳሜ ወደ ስቲኪን ይወጣል። የሚይዘው የመጨረሻውን ጣሳቸውን ነው።

ያንን ጣሳ ትናንት ከፍቼ አራት ጊዜ ለካሁ። ወፍራሙን አጣሁት። ብቆጥር ሃያ ብቻ ናቸው። ማይክሮሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን፣ ወይስ አሁን የእኔ ዓይን ነው የደከመው ብዬ ሁለተኛውን ማይክሮሜትር ፍለጋ መሳቢያቸውን ሳብኩ። ከሥሩ ደብተር ነበር። በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ አሥራ ሰባት ጊዜ እንዲህ ተጽፏል፦ "አንድ ወፍራም ጨመርኩ። ሲግኒ አወጣችው። መጣያው ውስጥ አገኘሁት። ጣሳውን ቶርቫልድ ይውሰድ።" ለካ መቁጠር አልጠፋቸውም፤ እሳቸው ሲተዉት የሚይዘው ሰው መኖሩን ሲፈትኑ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው መስመር ላይ ግን፦ "በዚህ ጣሳ ምንም አልጨመርኩም። ስትፈልግ እንዳትጨነቅ ንገሯት" ይላል።

የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ደብተሩን ለማንም አላሳዩም ነበርና።

አባባ፣ ጣሳው ተለክቷል። ልጅዎ ይሂድ። እግዚአብሔር ነፍስዎን ምንም በማያስጨንቅበት ቦታ ያሳርፍልን።